ያስጾምኩት ሳላማንደር

ባለፈው መጋቢት፣ ዝናብ ባባራበት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አዲስ ለመጣች የባለቤቴ ዘመድ የሚከራይ ቤት ልናይ ጆርጂያ ውስጥ ስኮትዴል የሚባል ሰፈር ሄድን። ሳምንቱን ሙሉ ስሠራ ስለከረምኩ በዕረፍት ቀኔ የሰው ቁም ሣጥን እየከፈቱ መዝጋት አላማረኝም። እነሱ ከአከራዩ ጋር ሲነጋገሩ አየር ልውሰድ ብዬ ወደ ሕንፃው ጀርባ ዞርኩ። እዚያ የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ፤ ከቦዩ ወዲያ ደግሞ ጥድ የበዛበት ቀጭን ጫካ። ከቦዩ የሚመጣው ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ቆምኩ። የብርዱን ወራት ሁሉ ውሃ ውስጥ ተኝቶ የከረመ ቅጠል ሽታ ነው፤ ዝገት ዝገት የሚል ነገር አለበት። ሌላ ሰው አፍንጫውን ይይዝ ይሆናል። እኔን ግን ትዝ ያሉኝ ጋሽ ላቀው ናቸው፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ የእናቴን የሻይ ማጥለያ ይዘው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ ቦይ ብዙም በማይርቅ አፓርታማ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ እናቴ ዘውዴና እኔ ከጋሽ ላቀው ጋር እንኖር ነበር። ጋሽ ላቀው የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው። ሱዳን አብረን ቆየን፣ አብረን መጣን፣ አንድ ቤት አብረን ተከራየን። እናቴ ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ጋሽ ላቀው ዳውንታውን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ይቆርጣሉ። በሩ ተከፍቶ የሚሰማው የመጀመሪያው ድምፅ የሰላምታ ሳይሆን የጫማ መውለቅ ነበር። ቤታችን ውስጥ ሁሉም ሰው ይደክመዋል። እኔ እንኳ ሥራ ሳይኖረኝ ይደክመኝ ነበር፤ አዋቂ መሆን ማለት መድከም ይመስለኝ ስለነበር ሳልለማመድ እንዳልቀር ነው መሰለኝ።

ጋሽ ላቀው አገር ቤት አሥራ አራት ዓመት ባዮሎጂ አስተምረዋል። እዚህ ግን ቀን ከሌት የመኪና ጭስ የሚገባባት፣ ከአንድ ወንበርና ከአንዲት ማሞቂያ በቀር ምንም የማትይዝ ቡዝ ውስጥ ነበሩ። አንድ ቀን ትምህርት ሲዘጋ ይዘውኝ ሄደው አይቻታለሁ። ማሞቂያዋ አንዱን ቅልጥማቸውን ስታቃጥል ሌላው በብርድ ይደርቃል። ማታ ሲመጡ እግራቸው አብጦ ጫማው አልወልቅ ይላል፤ ያኔ እናቴ አንዱን፣ እኔ ሌላውን እንጎትታለን።

አንድ ማክሰኞ ግን ጫማቸውን ሳያወልቁ ማውራት ጀመሩ።

«አንዲት ሴትዮ አለች፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ስብሰባ ስላላት እኔ ጋ ነው ፓርክ የምታደርገው። ዛሬ መኪናዋ ውስጥ ባልዲ አየሁ። ባልዲው ውስጥ ሳላማንደር አለ።»

«ምንድነው እሱ ደግሞ?» አለች እናቴ።

«እንሽላሊት የሚመስል፣ ግን እንሽላሊት ያልሆነ። የእንቁራሪት ዘመድ ነው። እኛ አገር የለም። ያን ሁሉ ዓመት ከመጽሐፍ ላይ እያሳየሁ አስተማርኩት፤ በዓይኔ ሳየው ዛሬ ገና ነው።»

እኔ ደነገጥኩ። አስተማሪ ያላየውን ነገር ያስተምራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የእኔም አስተማሪ ቁጥርን አይታው ይሆን አይሆን ብዬ ለብዙ ቀን ተጠራጠርኩ።

ሴትዮዋ ሚስ ካሮል ትባላለች። ከከተማ ወጣ ብሎ ጫካ ውስጥ ያለች፣ ተማሪዎች እባብና ኤሊ ለማየት የሚሄዱባት ትንሽ ቤት ኃላፊ ናት። እኔ በልቤ የጆርጂያ አውሬ ሁሉ አለቃ አድርጌ ሾምኳት። ጋሽ ላቀው ባልዲው ውስጥ ያለውን በሳይንስ ስሙ ሲጠሩት መኪናዋን አጥፍታ ወረደች፤ ቆመውም አወሩ። ከሰኔ ጀምሮ የሚሠራላት አንድ ሠራተኛ ትፈልጋለች። እንስሶቹን በየቀኑ የሚመግብና የሚያጸዳ፣ ለተማሪዎችም የሚያስረዳ ሰው ነው የምትፈልገው።

«ፖዚሽኑ ኦፕን ነው አለችኝ። ግን ወረቀት አይደለም የጠየቀችኝ፣ ዘውዴ። እናንተ ሰፈር ቦይ ውስጥ የሁለት ዓይነት ሳላማንደር እጭ አለ አለች። አንዱ ሲያድግ ጀርባው ላይ ብር ይነሰነስበታል፤ በጸደይ፣ በሚያዝያ ግድም ነው ከውሃ የሚወጣው። ሌላው ቢጫ ነጠብጣብ አለው፤ በእዚህ አገር በጋ፣ ሰኔ ሐምሌ ላይ ይወጣል። በእጭነታቸው ግን መለየት ይቸግራል። አንድ ያዝና አሳድግ፣ የበላውንም ያደገውንም በየቀኑ ጻፍ፣ ከዚያ የትኛው እንደሆነ ንገረኝ አለችኝ። ከተሳካልኝ ሥራው የእኔ ነው።»

እናቴ እግራቸውን አየች። «ያሳድጉት» አለች። «ኪችን ውስጥ ብቻ አይሁን።»

የቅበላ ዕለት እናቴ የመጨረሻውን ዶሮ ስትሠራ እኛ ቦዩ ውስጥ ነበርን። ጋሽ ላቀው የበሰበሰ ቅጠል በሻይ ማጥለያው እያወጡ፣ እያዩ፣ እየመለሱ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። እኔ ብርድ ሊገድለኝ ሲል «መጣ» አሉ በቀስታ። የጣቴን አንድ አንጓ የሚያህል፣ ቡናማ ነገር ነው። ከአንገቱ ግራና ቀኝ ላባ የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎበታል። ክንፍ ሊያወጣ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

«ስንጥቡ ነው» አሉኝ። «በሱ ነው ውሃ ውስጥ የሚተነፍሰው። ሲያድግ ይጠፋል።»

«ሲጠፋ ያመዋል?»

«እንጃ። ማንም የጠየቀው ያለ አይመስለኝም።»

ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ያገኙትን፣ ጥጉ የተሰነጠቀ የዓሣ ማርቢያ መስታወት ደፍነው ሳሎን ውስጥ አስቀመጡለት። የቧንቧ ውሃ መድኃኒት ስላለበት ቀድሞ ተቀድቶ ማደር አለበት ብለው አንድ ባልዲ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቋሚ ነዋሪ ሆነ። እናቴ «አሥራ ስድስት ሩም ክሊን አድርጌ መጥቼ፣ ለመታጠብም ወረፋ?» ትላለች። ግን ባልዲውን ስታነሳም ስትመልስም ውሃው እንዳይፈስ ትጠነቀቅ ነበር።

ጋሽ ላቀው ከእሑድ በቀር ጎሕ ሳይቀድ ወጥተው ሲመሽ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ማብላቱ የእኔ ሆነ። በረንዳው ላይ አፈር የሞላ ጣሳ ውስጥ ትናንሽ የመሬት ትሎች አሉ። ጠዋት አምስት፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አምስት። ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ባበላሁ ቁጥር ምልክት አደርጋለሁ። እሑድ እሑድ ጋሽ ላቀው ወለሉ ላይ በሆዳቸው ተኝተው፣ ማስመሪያ መስታወቱ ላይ አስደግፈው ርዝመቱን ይለካሉ። ከዚያ የወረቀቱን ምልክት በሚያምረው የአስተማሪ ጽሕፈታቸው ወደ ደብተሩ ይገለብጣሉ።

«ሂሩት፣» አሉኝ የመጀመሪያው ቀን ትከሻዬን ይዘው፣ «አንድም ቀን እንዳታሳልፊ። ይሄ ነገር ከተሳካ ከቡዟ እወጣለሁ።»

ያን ዓመት ዐቢይ ጾምን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን እንድጾም ተፈርዶብኝ ነበር። ትምህርት ቤት ምሳ ላይ ሌሎቹ ወተታቸውን በቀሰም ሲስቡ እኔ ኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ዳቦ እበላለሁ። «ሃይማኖትሽ ፒዛ ይጠላል?» ብላ አንዲት ልጅ ጠይቃኝ ጠረጴዛው በሙሉ ስቋል። ከዚያ ወዲህ ስለ ጾም ለፈረንጅ መናገር ትቻለሁ። ቤት ስመለስ ያ እንስሳ ትሉን በአንድ አፍ ላፍ ሲያደርግ አየዋለሁ፤ እንደሱ ጣፍጦኝ የበላሁት ነገር አልነበረኝም። ቀናሁበት ብል አልዋሸሁም።

በሁለተኛው ሳምንት ነው መሰለኝ፣ ጋሽ ላቀው አንድ ቀን ጫማቸው ሳይወልቅላቸው ሶፋው ላይ ጋደም አሉ። እናቴ ምስር ወጥ አቅርባ ብትለምናቸው አልቀመሱም። ቀደም ሲል ሁለት ቦታ አፕላይ አድርገው ነበር፤ አንዱም አልጠራቸውም።

«ዘውዴ፣ ይሄኛውም እምቢ ካለኝ ሌላ አልሞክርም» አሉ። «ቡዟ ውስጥ አረጃለሁ፣ አለቀ።»

እናቴ «ይጸልዩ እስቲ» አለቻቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አልጸለዩም፣ ተኙ። ታዲያ ማን ይጸልይ? እናቴም ወንበሯ ላይ እያንቀላፋች ነው። ጉዳዩ እኔ ላይ እንደወደቀ ገባኝ።

ጾመ ነነዌ ገና ማለፉ ነበር። እሑድ እሑድ በምንከራያት አዳራሽ ቄሱ ለእኛ ለልጆች ታሪኩን ነግረውናል። ከተማዋ ልትጠፋ ስትል ንጉሡ አመድ ላይ ተቀመጠ፤ ሰው ብቻ ሳይሆን ከብቱም በጉም ምንም ሳይቀምስ ጾመ፤ እግዚአብሔርም አያቸውና ማራቸው። እኔ ከዚህ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ሰውማ ሁሌም ይጾማል፤ እናቴ ትጾማለች፣ ጋሽ ላቀው ይጾማሉ፣ እኔም ይኸው ኦቾሎኒ እየበላሁ ነው፤ ያመጣነው ለውጥ የለም። ነነዌን ያዳናት ከብቱ መጾሙ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ያለው ከብት አንድ ነው፤ እሱም ቀኑን ሙሉ ሥጋ ይበላል።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ትሎቹን ከጣሳው አወጣሁና ከበረንዳው ወደ ሣሩ ወረወርኳቸው።

ሥርዓት አበጀሁለት። ረቡዕና ዓርብ ጭራሽ አይቀምስም። በሌሎቹ ቀናት ጠዋት የለም፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለት ወይም ሦስት ትል ይሰጠዋል። ወረቀቱ ላይ ግን አምስትም አምስትም ምልክት አደርጋለሁ። ቄሱ ጾማችሁን ለሰው አታሳዩ፣ ከታየ ዋጋው ይጠፋል ብለውናል። ስለዚህ መደበቁ የጾሙ ክፍል ነበር። ውሸት መሆኑ ጨርሶ አልታየኝም።

አንጀቴን የበላው ነገር ግን ነበር። ጠዋት መስታወቱ ፊት ስቀመጥ ካለበት ቅጠል ሥር ይወጣና ይጠጋኛል። ጣቴን ወደ ግራ ሳንቀሳቅስ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሳንቀሳቅስ ወደ ቀኝ። ላባዎቹ ይርገበገባሉ። «እኔም ርቦኛል» እለዋለሁ። «ትንሽ ነው የቀረው፣ ቻለው።» ከዚያ ቦርሳዬን አንግቼ እሄዳለሁ። ቀኑን ሙሉ እሱን እያሰብኩ ከቆየሁ የእኔ ረሃብ ይቀልልኝ ነበር። በዚያ ቤት እንደኔ ያለ ሌላ ሰው አገኘሁ።

በየእሑዱ ማስመሪያው መስታወቱ ላይ ይደገፋል። መጀመሪያ ሃያ ሁለት ሚሊሜትር ነበር፣ ከዚያ ሃያ ስድስት። ከዚያ ሃያ ሰባት። ሃያ ስምንት። ጋሽ ላቀው ዓይናቸውን እያሹ ደግመው ይለካሉ፣ ደብተሩን ያገላብጣሉ። ከቤተ መጻሕፍት አንድ ወፍራም መጽሐፍ ተውሰው መጡ። አንድ እሑድ ደግሞ ፊታቸው በርቶ ተቀመጡ፤ እንደዚያ ቀጥ ብለው የተቀመጡበትን ቀን ከዚያ በፊት አላስታውስም።

«ነይ ሂሩት፣ ላስተምርሽ» አሉ። «ባለ ብሩ ቢሆን በጸደይ ስለሚወጣ አሁን አርባ ማለፍ ነበረበት። ይሄ ግን በደንብ እየበላ፣ አሥር ትል በየቀኑ እየበላ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ጊዜ አለው ማለት ነው። በበጋ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የትኛው ነው?»

«ባለ ቢጫው» አልኩ።

«ጎበዝ።»

እኔ የተረዳሁት ጾሙ እየሠራ መሆኑን ነው። ከሆሳዕና በፊት ባለው ማክሰኞ ለሚስ ካሮል ነገሯት። ሳይወጣ ለመናገር መድፈራቸው ደስ አሰኛት፤ በወረቀት ጽፈውና ፈርመው እንዲሰጧት ጠየቀቻቸው፣ ሰጧት። ፋሲካ ሲያልፍ ደብተሩን ይዘው እንዲመጡ ቀን ቆረጡ።

በሰሙነ ሕማማት ከሰኞ ጀምሮ ምንም አልሰጠሁትም። የመጨረሻው ሳምንት ስለሆነ ጠንከር ማለት አለበት ብዬ ነው። በስቅለት ዕለት አዳራሹ ውስጥ ስንሰግድ ዋልን። ጋሽ ላቀው ላብ እየወረዳቸው፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ስንቱን ስግደት ሰገዱ። ቤት ስንመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር፤ እናቴ ቀድማ ገባችና መስታወቱ ጋ ቆማ ቀረች።

«ይሄ ነገር እየሞተ ነው» አለች።

ውሃው ላይ ተንሳፎ አፉን ከፈት ዘጋ ያደርጋል። ላባዎቹ የሉም፤ በቦታቸው እንደ ጥፍር ጫፍ ያለ ጉቶ ብቻ ቀርቷል። ቆዳው በቦታ በቦታው ተልጧል። እኔ ገደልኩት ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ፤ የገደልኩት እኔ መሆኔን ግን ድምፄን አውጥቼ አልተናገርኩም።

ጋሽ ላቀው በዚያ ጉልበታቸው ተንበረከኩ። «አልሞተም። የስልክ ማውጫውን አምጪልኝ» አሉ። ማውጫውን ከመስታወቱ አንድ ጫፍ ሥር አስገብተው አጋደሉት፤ ውሃውን በሲኒ እየቀዱ ግማሹን አወጡ፤ በደረቀው በኩል ድንጋይና እርጥብ ቅጠል አደረጉ። ሳላማንደሩ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ቆየ። ከዚያ አንድ እግሩን ድንጋዩ ላይ አደረገ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ጎትቶ ራሱን አወጣ።

«ወጣ» አሉ ጋሽ ላቀው። ሦስታችንም ሳናውቀው ተያይዘን ነበር። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ካሌንደር ቀና ብለው አዩ። «ቸኮለ» አሉ ለራሳቸው።

ከፋሲካ በኋላ ትል ብሰጠው አልበላም አለ። ጾሙ ማለቁን የሚነግረው ሰው የለም፣ ለምዶት ቀረ ብዬ አዘንኩ። በአራተኛው ቀን በላ። በዳግም ትንሣኤ እሑድ፣ እናቴ ሥራ ገብታ እኛ ሁለታችን ቤት ሆነን፣ ጋሽ ላቀው መጋረጃውን ገልጠው መስታወቱን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ጀርባው ጠቁሯል። በጥቁሩ ላይ አመድ የተነፋበት ይመስል የብር ብናኝ ተበትኗል። ቢጫ የሚባል ነገር የለበትም።

ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ማገላበጥ ያዙ።

«አሥር ትል በየቀኑ» አሉ። «አሥር ትል እየበላ እንዴት ነው ያላደገው?»

እኔን አልነበረም የጠየቁት። ደብተሩን ነበር። መልሱን የማውቀው ግን እኔ ነኝ። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ረቡዕና ዓርቡን፣ ጠዋት ጠዋቱን፣ የሕማማቱን ሳምንት፣ የወረቀቱን ምልክት።

«ለምን?» አሉኝ።

«ሥራውን እንዲያገኙ።» ስለ ነነዌ ነገርኳቸው።

«የነነዌ ከብቶች ስንት ቀን ጾሙ?» አሉ።

«ሦስት።»

«ያንቺስ?»

«ከአርባ በላይ።»

«የነነዌ ንጉሥ እንኳ እንዳንቺ አልጨከነም።» ፈገግ ለማለት ሞክረው ነበር፤ ፈገግታው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ደከመው። «ውሃው ውስጥ የሚበላው ሲያጣ ሳያድግ ይወጣል፣ ሂሩት። መጠበቅ አይችልም። እኔ ደግሞ ይሄን አላሰብኩም። የሚበላ መስሎኝ።»

«ለሷ ይነግሯታል?»

«መንገር አለብኝ።»

እኔን ሊከሱኝ ነው ብዬ ሳምንቱን በሙሉ እንቅልፍ አጣሁ።

ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ላቀው ፈቃድ ወስደው፣ የሠርግ ኮታቸውን ለብሰው፣ በሁለት አውቶቡስ ሄድን። እናቴ ሥራ ላይ ስለነበረች እኔን ይዘውኝ ሄዱ፤ ሳላማንደሩ ያለበትን የማርጋሪን ዕቃ በሁለት እጄ ይዣለሁ። ቦታው የእንጨት ቤት ነው፤ ውስጡ በመስታወት ሣጥኖች ተሞልቷል። ሚስ ካሮል አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ፣ ትልቅ ቦት ጫማ ያደረገች፣ እሷም የደከማት የምትመስል ሴት ናት። ክዳኑን ከፈተችና ፈገግ አለች።

«ባለ ብሩ» አለች።

«አዎ» አሉ ጋሽ ላቀው። «ተሳስቻለሁ።»

«ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያ ምንም አይደለም። ደብተሩን ልየው።»

እኔ የኤሊው ሣጥን ጋ ሄድኩ። ኤሊውን አይደለም የማየው፤ በመስታወቱ ላይ የሚታየውን የሁለቱን ጥላ ነው። ሚስ ካሮል ገጾቹን ቀስ እያለች ገለበጠች። ጽሕፈታቸውን አደነቀች። ከዚያ ተመልሳ ገለበጠችና ጣቷን ዓምዶቹ ላይ ወደላይ ወደታች አመላለሰች።

«እነዚህ አብረው አይሄዱም» አለች፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። «በቀን አሥር ትል የሚበላ እንስሳ እንዲህ አይቀጭጭም። ወይ ልኬቱ ትክክል አይደለም፣ ወይ ምግቡ።»

«ልኬቱ ትክክል ነው» አሉ ጋሽ ላቀው፤ እንግሊዝኛቸው የመጽሐፍ ስለሆነ እያንዳንዱን ቃል ለይተው ነው የሚያስቀምጡት። «ያልተመገበባቸው ቀናት አሉ።»

«ስንት?»

«ብዙ።»

«ታዲያ ለምን ተመግቧል ብለህ ጻፍክ?»

አሁን ይናገራሉ ብዬ ዓይኔን ከመስታወቱ አልነቀልኩም።

«ሥራ ይበዛብኛል» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሚስ ካሮል ደብተሩን ዘጋች። ያዘነች ትመስል ነበር፤ ምናልባትም ከልቧ አዝናለች። «እውነቱን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» አለች። «ግን እዚህ ያሉት በገና ቀንም ይበላሉ። አንድ ቀን መዝለል የለም። ይገባሃል አይደል?»

«ይገባኛል።»

ሳላማንደሩን እዚያው እንድትይዘው ጠየቋት፤ እሺ አለች። ጨበጠቻቸው። ለእኔ ኤሊ የተሳለበት ወረቀት ሰጠችኝ።

እያንዳንዱ ቃል ገብቶኛል። ቤታችን የሚደወለውን ስልክ የማነሳው፣ ከመንግሥት የሚመጣውን ደብዳቤ ለእናቴ የማነበው እኔ ነበርኩ፤ ምላሴ ከጋሽ ላቀው ይፈጥን ነበር። ግን የምሳው ጠረጴዛ ትዝ አለኝ። እንስሳውን ያስራብኩት እግዚአብሔር እንዲሰማን ነው ስላት የምታሳየኝን ፊት አሰብኩት። ፈራሁ፣ አፈርኩም። አመሰግናለሁ ብዬ ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ።

አውቶቡሱ በየሰዓቱ አንድ ነው፤ አንዱ ከማለፉ ነበር የደረስነው። ከበሩ ማዶ መንገዱ ዳር ያለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ጋሽ ላቀው የጫማቸውን ክር ፈቱ።

«እኔ ነኝ ያላበላሁት ለምን አላሉም?» አልኳቸው።

«ምን ልበላት? እንስሳውን ለልጅ ትቼው ሄድኩ ልበላት?» እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ አደረጉ። «ያው ነው፣ ሂሩትዬ። መግብ የተባልኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ አውቶቡሱ ሲመጣ ቀስቅሺኝ አሉና ራሳቸውን ወደ ኋላ አስደገፉ። በተቀመጡበት እንቅልፍ ወሰዳቸው። በሚቀጥለው ቀን፣ እሑድ፣ ለቀሩበት ቅዳሜ ምትክ ማለዳ መግባት ነበረባቸው።

ያው ነው ያሉትን ለብዙ ዓመት አመንኩላቸው፤ ማመኑ ይቀለኝ ነበር። አሁን ሰው የምቀጥረውም የምመልሰውም ራሴ ነኝ፤ ያው እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔ ፊት አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቆማ ስለ ነነዌ ከብቶች ብትነግረኝ፣ ያን ደብተር ቢያንስ አንዴ እንደገና እከፍተው ነበር። በሩ ከኋላችን ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። የሚስ ካሮል መኪና እዚያው ቆማለች። ጋሽ ላቀው እንቅልፋቸው ከባድ ስለሆነ ተነሥቼ ብሄድ አይሰሙኝም ነበር። አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የጎደለው ጊዜ ነበረኝ። ወረቀቴን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ አውቶቡሱ ሲመጣም ቀሰቀስኳቸው።